በየማታው የሚታደስ ብድር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

የዛሬው የገንዘብ ትምህርታችን ከመንዝ ደጋ እጅግ በራቀ ገበያ ስለሚሸጥ አንድ ነገር ነው። ገበያው ሩቅ ቢሆንም ወሬው በስልክ እየገባ ከምድጃችን ዳር ደርሷል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እስቲ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችሁ ያዙ። አባት ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። እናት የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ፈትሉ ባና ሆኖ ይሸጣል። የበኩር ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል፣ ለዓመት በዓል ሳያጓድል ይልካል። አንድ ማታ ይደውልና እንዲህ ይላል፦ «አባባ፣ ዘንድሮ የምልክላችሁን ገንዘብ እዚሁ ላቆየውና ላባዛላችሁ። ገበያው አንድ ሲያድግ ሦስት የሚያድግ ፈንድ አግኝቻለሁ። ውስጡ ያሉት የታወቁ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው።»

አባት ምን ይመልሱ?

ልጁ አልዋሸም። ፈንዱ በእርግጥ አለ፤ በአሜሪካ ሕግ ተመዝግቦ፣ ተቆጣጣሪ ተመድቦለት በአደባባይ የሚሸጥ ነው። በቴሌግራም መጥቶ ገንዘብ ሰብስቦ ከሚጠፋው ማጭበርበሪያ ጋር አንድ አይደለም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሰው ከሌባ ይጠነቀቃል፤ ሕጋዊ ሆኖ የተጻፈለትን ነገር ግን ሳያነብ ይፈርማል። የልጁ ስሕተት ያለችው «ገበያው አንድ ሲያድግ» ባላት ሐረግ ውስጥ ነው። «በአንድ ቀን» የምትል ቃል ጎድላታለች። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ያችን የጎደለች ቃል ማስገባት ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። አክሲዮን የአንድ ኩባንያ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ኢቲኤፍ የሚባለው ደግሞ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን እንደ ቅርጫት በአንድ ላይ ሰብስቦ፣ ቅርጫቱ ራሱ እንደ አንድ አክሲዮን ቀኑን ሙሉ በገበያ እንዲሸጥና እንዲገዛ ያደረገ ፈንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው በጥር 1993 ለገበያ ቀረበ፤ 500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎችን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። (የውጭውን ስንናገር ቀኑና ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።) እንዲህ ያለው ተራ ኢቲኤፍ በእኔ እምነት ለደሞዝተኛ ሰው ከተሠሩት የገንዘብ ዕቃዎች ሁሉ ከመልካሞቹ የሚቆጠር ነው። አንድ ኩባንያ ቢወድቅ ሌላው ይደግፈዋል። ክፍያውም ትንሽ ነው፤ በዓመት ከ10,000 ብር ላይ 3 ብር ብቻ የሚያስከፍሉ አሉ። ልጁ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ዝግጅት ባላዘጋጀሁም ነበር።

በ2006 ግን ሌላ ዓይነት መጣ። ፕሮሼርስ የተባለው ድርጅት የገበያውን የዕለት እንቅስቃሴ ሁለት እጥፍ የሚከተል ኢቲኤፍ አወጣ። በ2008 መጨረሻ ላይ ዳይሬክሽን የተባለው ሦስት እጥፍ የሆነውን ጨመረ። ገበያው ሲወድቅ የሚወጣ፣ ሲወጣ የሚወድቅ የተገላቢጦሽም አለ። እነዚህ ናቸው በእንግሊዝኛው ሌቨሬጅድ ኢቲኤፍ የሚባሉት። በእኛ አነጋገር በብድር የተደገፉ ፈንዶች ብንላቸው ያስኬዳል። ፈንዱ የእናንተን አንድ ብር ይዞ፣ በብድር ወይም ስዋፕ በሚባል የባንክ ውል የሁለት ብር ያህል ይጨምርበትና በሦስት ብር ልክ ገበያ ውስጥ ይገባል።

ስለ ብድር ለመንዝ ሰው መንገር አያስፈልግም። የማዳበሪያ ዕዳ፣ ከአብቁተ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ገንዘብ (አብቁተ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል)፣ ከክፉ ቀን ጋር የመጣ አራጣ፤ የበልጉ ዝናብ የቀረ ዓመት ወይም ገብሱን ውርጭ የመታው ዓመት ብድር ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይኸኛው ብድር ግን እኛ የማናውቀው አንድ ጠባይ አለው፤ በየማታው ይታደሳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ፤ የሌላችሁ በጣታችሁ ተከተሉኝ። በበግ እናስላው።

ለሒሳቡ እንዲመቸን አንድ በግ 10,000 ብር ነው እንበል። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። ሁለቱም በእጃቸው 10,000 ብር አለ። የመጀመሪያው አንድ በግ ገዝቶ ቤቱ አሰረ፤ ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው በራሱ 10,000 ላይ 20,000 ተበድሮ ሦስት በግ ገዛ። ከአበዳሪው ጋር ያለው ውል እንዲህ ይላል፦ «በየማታው የራስህ ገንዘብ ይቆጠራል። የበጎችህ ዋጋ ምንጊዜም የራስህን ገንዘብ ሦስት እጥፍ ይሁን። ካነሰ ጨምረህ ተበደርና ግዛ፤ ከበለጠ ሽጥና ዕዳህን ክፈል።» ይህን ውል አትርሱት። የፈንዱ ውል ይኸው ነው።

ሰኞ ዕለት የበግ ዋጋ በመቶ 10 ወጣ፤ አንዱ በግ 11,000 ሆነ። የመጀመሪያው ጎረቤት 11,000 አለው። የሁለተኛው ሦስት በጎች 33,000 አወጡ፤ 20,000 ዕዳው ሲነሣ የራሱ 13,000 ሆነ። በመቶ 30 አተረፈ፤ ሦስት እጥፍ። ልጁ ያየው ይህችን ሰኞ ነው፤ እውነትም ደስ ታሰኛለች።

ሰኞ ማታ ቆጠራው መጣ። የራሱ 13,000 ነው፤ ሦስት እጥፉ 39,000። በእጁ ያለው የ33,000 በግ ነው። ስለዚህ ሌላ 6,000 ተበድሮ በግ ይጨምራል። የሚገዛው በስንት ነው? በወጣው ዋጋ፣ በ11,000 ሒሳብ። ዕዳው 26,000 ደረሰ።

ማክሰኞ ገበያው ተመለሰ፤ በጉ ወደ 10,000 ወረደ። የመጀመሪያው ጎረቤት አንድ በጉ አሁንም ታስሯል፣ 10,000 ያወጣል። ያገኘውም ያጣውም የለም። የሁለተኛው የ39,000 በግ ግን 35,455 ሆነ። 26,000 ዕዳው ሲነሣለት የራሱ 9,455 ብር ቀረ። የበግ ዋጋ ከተነሣበት አንድ ብር ሳይወርድ ሰውዬው 545 ብር ጎደለበት። ወለዱንና የአስተዳዳሪውን ክፍያ ገና አልቆጠርንም።

ማክሰኞ ማታ ደግሞ ሌላ ቆጠራ አለ። የ9,455 ሦስት እጥፍ 28,000 ብር ከፍ ይላል። በእጁ ያለው የ35,455 በግ ስለሆነ 7,000 ብር ገደማ የሚያወጣውን ሸጦ ዕዳ ይከፍላል። የሚሸጠው በስንት ነው? በወረደው ዋጋ፣ በ10,000 ሒሳብ። ሰኞ ማታ ሲወደድ ገዛ፣ ማክሰኞ ማታ ሲረክስ ሸጠ።

አሁን ይህ ሰኞና ማክሰኞ አሥር ጊዜ ይመላለስ። ዋጋው 11,000 ይወጣል፣ 10,000 ይወርዳል፤ እንዲህ አሥር ጊዜ። በመጨረሻው ማክሰኞ የመጀመሪያው ጎረቤት 10,000 ብሩ እንዳለ ነው። የሁለተኛው 5,700 ብር ገደማ ሆኗል። ማንም አልሰረቀውም፤ ውሉም አልተጣሰም። በእያንዳንዱ ቀን ፈንዱ ቃሉን ጠብቋል፤ በወጣበት ቀን ሦስት እጥፍ ወጥቷል፣ በወረደበት ቀን ሦስት እጥፍ ወርዷል። ገንዘቡን የበላው መመላለሱ ነው።

አንድ የመንዝ ሞላሌ በግ ነጋዴ ይህን ውል ቢያነቡለት ይፈርም ይመስላችኋል? ነጋዴ በዐቢይ ጾም ሥጋ ፈላጊ ሲጠፋና ዋጋ ሲላላ ይገዛል፤ አስሮ ያደልባል፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ዋጋ ሲጠነክር ያወጣል። ሥራው በሙሉ ሲረክስ መግዛት ሲወደድ መሸጥ ነው። ይህ ፈንድ ደግሞ በተጻፈ ውል፣ ወዶም ሆነ ተገዶ፣ በየማታው ተቃራኒውን እንዲያደርግ የታሰረ ነው። የአገሬ ሰው በበግ ቢነገረው የሚጥለውን ውል በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ ሲፈርምበት ማየት ያሳዝነኛል።

እውነቱ ሙሉ እንዲሆን የፈንዱንም መልካም ጎን ልንገራችሁ። ዋጋው ሳይመለስ በተከታታይ ከወጣ ሒሳቡ ለሁለተኛው ጎረቤት ያደላል። ሰኞ በመቶ 10፣ ማክሰኞም በመቶ 10 ቢወጣ የመጀመሪያው በመቶ 21 ሲያተርፍ ሁለተኛው በመቶ 69 ያተርፋል፤ ይህ ከሦስት እጥፍም ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ዓመታት ነበሩ፤ በእነሱ የከበሩ ሰዎችም አሉ፤ ወሬውን የሚያወሩትም እነሱ ናቸው። ግን መንገዱ ሁሉ ዳገት ሆኖ ቁልቁለት የሌለበት ገበያ ማን አይቷል? ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ስትወርዱ ስንት ጊዜ ትወጣላችሁ፣ ስንት ጊዜ ትወርዳላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

በበግ ያሰላነው በእውነተኛው ገበያ ሆኗል ወይ? ሆኗል፤ ያውም ብዙ ጊዜ።

በነሐሴ 2009 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽንና የደላሎች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ በአንድ ላይ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጡ። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2008 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2009 ድረስ በገበያው የሆነውን በምሳሌነት ጠቀሱ። በእነዚያ አምስት ወራት አንድ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በመቶ 8 ወጣ። ሦስት እጥፍ የሚከተለው ኢቲኤፍ በመቶ 24 መውጣት ነበረበት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በመቶ 53 ወደቀ። ይገርማችሁ እንደሆን ገበያው ይወድቃል ብለው የተገላቢጦሹን ሦስት እጥፍ የገዙትም በመቶ 90 አጡ። ይወጣል ያለውም፣ ይወድቃል ያለውም፣ ሁለቱም ከሰሩ። በዚያ ወቅት ዓለም በባንኮች ቀውስ ውስጥ ነበረች፤ ዋጋው በየቀኑ ይናጥ ነበር፤ መናጡ ሁለቱንም ፈጃቸው።

ቅርብ ወደሆነው እንምጣ። በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት ናስዳክ 100 የተባለ መለኪያ አለ። እሱን በቀን ሦስት እጥፍ የሚከተለው ትልቁ ፈንድ በ2010 የወጣው የፕሮሼርስ ነው፤ በውጭ ያሉ ልጆቻችን ቲ ኪው ኪው ኪው ብለው የሚጠሩት እሱ ነው። በ2022 መለኪያው በመቶ 33 ገደማ ወደቀ። ፈንዱ በመቶ 79 ገደማ ወደቀ፤ 100 ብር ያስቀመጠ 21 ብር ቀረው። በ2023 ገበያው ተነሣ፤ መለኪያው በመቶ 54 ገደማ ወጣ፤ ፈንዱም ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ተራባ። የ2023ን ብቻ የሰማ ሰው ይጎመዣል። ከ2022 መባቻ ጀምሮ የያዘው ግን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ምን አለው? በተራው ፈንድ 100 ያስቀመጠ 100ውን አግኝቶ ጥቂት ተርፎታል። በሦስት እጥፉ 100 ያስቀመጠ በእጁ ያለው 62 ብር ገደማ ነው። ያኔ ገበያው ቁስሉ ሽሮለት ቆሞ ነበር፤ እሱ ገና ተኝቶ ነበር። ከ21 ብር ተነሥቶ 100 ለመድረስ ገንዘቡ አምስት እጥፍ ሊጠጋ መባዛት አለበትና።

በዚያ ላይ ወለድ አለ። በ2023 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከ5 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ለእያንዳንዱ የእናንተ ብር ሁለት ብር የሚበደር ፈንድ የዚያን ወለድ ሁለት እጥፍ ገደማ ከእናንተው ኪስ ይከፍላል። የአስተዳደሩ ክፍያም እስከ በመቶ አንድ ይጠጋል፤ ከ10,000 ብር ላይ 90 ብር የሚያልፍ ማለት ነው። ቅድም ለተራው ፈንድ 3 ብር ያልኳችሁን አስታውሱ።

ስለ አንድ ማታ ደግሞ ልንገራችሁ። የካቲት 5 ቀን 2018 በአሜሪካ የገበያ መዋዠቅን የሚለካው ቪክስ በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ገበያው ጸጥ ብሎ ይቆያል በሚል ግምት የተሠራ፣ ክሬዲ ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ያወጣው ኤክስ አይ ቪ የሚባል ወረቀት ነበረ። ዓይነቱ ከዛሬዎቹ ትንሽ ይለያል፤ ቤተሰባቸው ግን አንድ ነው፤ እሱም በየማታው ይታደስ ነበር። በዚያች ማታ ከዋጋው ከመቶ 90 የሚበልጠውን አጣ፤ ባንኩም ዘጋው። ከዚያ በፊት ለወራት እንደ መልካም ገቢ ሲወራለት የነበረ ነው። ገንዘባቸውን ያስገቡ ተራ ሰዎች ነበሩበት።

«ታዲያ ሕግ የት ነበር?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ሕግ ነበረ። ፊንራ በ2009 ለደላሎች በጻፈው መመሪያ እነዚህ ፈንዶች ከአንድ የግብይት ቀን በላይ ይዘው ለሚቆዩ ተራ ሰዎች፣ በተለይም ገበያው በሚዋዥቅበት ጊዜ፣ በአብዛኛው እንደማይስማሙ በግልጽ ጽፏል። በ2012ም ሲቲግሩፕ፣ ሞርጋን ስታንሊ፣ ዩቢኤስና ዌልስ ፋርጎ እነዚህን ፈንዶች ተገቢውን ቁጥጥር ሳያደርጉ ለደንበኞቻቸው በመሸጣቸው በአንድነት 9.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተወስኖባቸዋል። ያን ጊዜ በገዢና በገበያ መካከል ደላላ የሚባል ሰው ነበረ፤ ሲያጠፋ የሚጠየቅ። ዛሬ ልጃችን ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ፣ በስልኩ ያለ ኮሚሽን ይገዛል። «ይህ ለአንተ አይሆንም» የሚለው የለም። ማስጠንቀቂያው አለ፤ ፈንዱ ለገዢዎች ባወጣው ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ላይ ተጽፏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቶ የደከመ ሰው መቼ ያነበዋል?

ልጆቻችንን መውቀስ አልፈልግም። ለምን እንደሚቸኩሉ እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው ጊዜያት አልፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ለቁጠባ ባንክ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የቤት ክዳን፣ የታናሽ እኅት ትምህርት፣ የእናት ሕክምና፣ ሁሉም በየዓመቱ ይጨምራል። ልጁ በሁለት ሥራ የማይሞላለትን በሦስት እጥፍ ሊሞላ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ከፍቅር የመጣ ነው። ለዚህም ነው አባት «እምቢ» ብለው ስልኩን ከመዝጋት ይልቅ ሒሳቡን በበግ ቢያስረዱት የምመርጠው። በግ ያውቃል፤ ሲጠብቅ ነው ያደገው።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚሁ አገራችን ስላለው ነገር ትንሽ እንበል፤ ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው እያደባለቀ ይጠይቃልና።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ተከፈተ፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በቴሌብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ የግዢ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በመጨረሻ ከ47,000 በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዙ።

እነዚያ ሰዎች የመጀመሪያው ጎረቤት ናቸው። በራሳቸው ብር አንድ በግ ገዝተው አስረዋል። ዋጋው ሊወርድ ይችላል፣ ትርፉም ሊያንስ ይችላል፤ አክሲዮን ሁሉ ይህ አለበት። ነገር ግን በየማታው መጥቶ «ሽጥ፣ ግዛ» የሚላቸው ውል የለባቸውም። ዋጋው ወርዶ ሲመለስ የእነሱም አብሮ ይመለሳል። በብድር የተደገፈ፣ በየቀኑ የሚታደስ ፈንድ በእኛ ገበያ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ሞላሌ ወይም ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ወይም በቴሌግራም ጽፎ፣ «የአሜሪካን ሦስት እጥፍ ፈንድ ከዚሁ ሆናችሁ በብር ላስገዛችሁ፣ ብሩን ወደዚህ ቁጥር ላኩ» ካላችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጁ መሠረት እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ይጠየቅ። ከሌለው አንድ ብር አትላኩ።

መንዝ ገንዘብን በጊዜ ማሳደግ አያውቅም የሚል ሰው ካለ የመንዝን ጓሳ ይጠይቅ። አባቶቻችን ያንን የጓሳ ሣር ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለ400 ዓመታት ገደማ አቆይተውታል። ሣሩ እስኪጠና ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ከብት እንዳይገባ፣ ሣር እንዳይታጨድ ይጠበቅ ነበር። ሲከፈት ለክዳኑም፣ ለገመዱም፣ ለግጦሹም ይበቃል። ሣሩ ማታ ማታ ታጭዶ ጠዋት ጠዋት ይተከል ያለ ሽማግሌ አልነበረም። ለዓመታት የሚቀመጥ ገንዘብ ለዓመታት ተብሎ የተሠራ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ይህኛው ፈንድ ለአንድ ቀን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሠሩትም ሰዎች በወረቀታቸው ላይ ይህንኑ ጽፈውበታል። ቀኑን ሙሉ ገበያውን እያዩ ጠዋት ገዝተው ማታ የሚሸጡ፣ ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ይጠቀሙበት ይሆናል። የታክሲ ሾፌርና የገብስ ገበሬ ቁጠባ ቦታው እዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ቅድሙ አባት ልመለስ። ልጃችሁ፣ እኅታችሁ፣ የእኅታችሁ ልጅ ውጭ ካለና ገንዘባችሁን ወይም የራሱን ቁጠባ በፈንድ አስቀምጫለሁ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ የፈንዱን ሙሉ ስም እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ቶሎ አይለፈው፤ ቃል በቃል ያንብበው። በስሙ ውስጥ «2 ኤክስ» ወይም «3 ኤክስ»፣ «አልትራ»፣ «ቡል»፣ «ቤር»፣ «ኢንቨርስ» ወይም «ደይሊ» የሚል ቃል እንዳለ አድምጡ። ደይሊ ማለት በየቀኑ ማለት ነው፤ የጎደለችው ቃል እሷ ናት። ከእነዚህ አንዱ ካለበት የሁለቱን ጎረቤቶች የሰኞና የማክሰኞ ሒሳብ አስሉለት፤ 10,000 ብሩ እንዴት 9,455 እንደሆነ ራሱ በወረቀት ላይ ያውጣው። ከዚያ የቤተሰቡን ገንዘብ ከዚያ ፈንድ እንዲያወጣው ለምኑት።

(የመውጫ ሙዚቃ)